የውሃ አደራ

ደክሞኝ ሄጄ ደክሞኝ ተመለስኩ። በረሃ መንፈስ ያድሳል የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እኔን አላደሰኝም። ኮሎምበስ ከተማ ዳር፣ ሪከንባከር በሚባል ሰፈር ባለ መጋዘን ውስጥ ዐሥራ አራት ዓመት ሲሚንቶ ላይ ስመላለስ የኖርኩ ሰው ነኝ። በአንድ ሺፍት ስንት ሺህ እርምጃ እንደተራመድኩ ስልኬ እየቆጠረ ይነግረኛል። ስለዚህ ጓደኛዬ "አራት ቀን በእግራችን እንሂድ" ሲል አፌ ላይ የመጣው "በእግር መሄድ እንጀራዬ ነው፤ ዕረፍቴንም በሱ ልጨርሰው?" የሚል ነበር። ግን ሄድኩ። እምቢ ማለት ድሮም አይሆንልኝም።

ይህ ጓደኛዬ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ ሾፌሩ እያልኩ ልቀጥል። ሌላው ጓደኛችን ኖርዝላንድ፣ ሞርስ ሮድ ላይ ትንሽ የሐበሻ ሱቅ አለው፤ እሱን ደግሞ ባለሱቁ ልበለው። ሦስታችን አሜሪካ በገባንበት ዓመት ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ ውስጥ ሁለት ፍራሽ ለሦስት ዘርግተን ተኝተናል። ዛሬ ሁላችንም የየራሳችን ቤት አለን፤ ሃምሳንም ወይ ተሻግረናል ወይ ልንሻገር ጥቂት ቀርቶናል። የምንገናኘው ግን በለቅሶ፣ በክርስትናና በሠርግ ብቻ ሆኗል።

የጉዞው ሐሳብ የሾፌሩ ነው። ከኮሎምበስ ሰባ ቁጥሩን አውራ ጎዳና ይዘህ ወደ ምዕራብ ከወጣህ ሌላ መንገድ ሳትቀይር ዩታ ትገባለህ። እሱ በዚያ መንገድ ዐሥራ ሁለት ዓመት ጭነት አመላልሷል። እዚያ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ቀያይ ገደሎች፣ መሬቱን ሰንጥቀው የሚሄዱ ጥልቅ ሸለቆዎች አሉ። ሁልጊዜ በመስኮት ያያቸዋል፤ ሁልጊዜም ጭነቱ መድረስ ያለበት ሰዓት አለ፤ አንድም ቀን አቁሞ አልወረደም። "በሰው ደጅ ዐሥራ ሁለት ዓመት እያለፍክ አንድ ቀን እንኳ ገብተህ ደህና ዋላችሁ ሳትል መቅረት ነውር አይደለም?" አለን። እሱ እንዲህ ነው፤ ለገደልም ሰላምታ ይገባዋል ብሎ ያስባል።

አንድ ነገር ግን ነበር። ሾፌሩ ያለው አንድ ኩላሊት ነው። ሌላኛውን ከስድስት ዓመት በፊት ለእህቱ ሰጥቷታል። ሐኪሙ ሲያሰናብተው "ውሃ ጠጣ፤ እንዳትጠማ" ብሎታል። ዐቢይ ጾም ሲገባ የንስሐ አባቱ ሳይቀሩ "አንተ እህል እንጂ ውሃ አትጾምም" ብለው አስጠንቅቀውታል። ያቺ የቀረችው ኩላሊት ከደከመች መኪና መንዳቱም፣ ምናልባት ኑሮውም እዚያ ላይ እንደሚያበቃ ሁላችንም እናውቃለን።

ሚስቱ ደግሞ ከሁላችን በላይ ታውቃለች። የምንነሳ ዕለት ጠዋት ኮሎምበስ አጠገብ ጋሃና በምትባል ከተማ ከሚገኘው ቤታቸው በር ላይ ዕቃ ስንጭን ወደ ጎን ጠራችኝ።

"ወንድሜ፣ ባለሱቁ ጨዋታ ይወዳል፤ እሱ ላይ አልጥለውም። አንተ ላይ ነው የምጥለው። ሲጠማው አይናገርም። ጠጥቻለሁ ይልሃል፤ እሱን አትመነው፤ ጠርሙሱን እያየህ።"

"አታስቢ፣ በየሰዓቱ ቼክ አደርገዋለሁ" አልኳት።

"አደራ በሰማይ፣ አደራ በምድር" አለችና እጄን በሁለት እጇ ያዘች። እኔም ቃሏን ደግሜ ተቀበልኩ። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ የሚባለው ያን ጊዜ ትዝ አላለኝም። የማስበው ስለ ወገቤ ነበር።

ሁለት ቀን ተጓዝን። ሾፌሩ መሪውን ለማንም አልሰጠም። ነዳጅ ለመቅዳት ስናቆም ብቻ ትንሽ ውሃ ይጎነጫል። እኔ ወቀስኩት። "ሾፌር ውሃ የሚጠጣው ሲያቆም ነው፤ አለዚያ ለሽንት ስትቆም ሰዓትህ ያልቃል" አለኝ። ዐሥራ ሁለት ዓመት ጥሙን እንዲህ እየቀጠረ የኖረ ሰው ነው። ያን ዕለት ልደነግጥ ሲገባኝ ሳቅኩ።

ወደ ሸለቆው የመውረጃ ፈቃድ የሚሰጥበት ቢሮ ውስጥ ያገኘናት ሠራተኛ ካርታ ዘርግታ በጣቷ አሳየችን። በሁለተኛው ቀን ኩሬ አለ፤ ከዚያ ጣሳ ሳይቀር ሙሉት። በሦስተኛው ቀን ሌላ ኩሬ አለ፤ እሱ ግን ሊኖርም ላይኖርም ይችላል፤ አትተማመኑበት። በአራተኛው ቀን ወንዝ ትደርሳላችሁ። ሦስታችንም "ኦኬ፣ ኦኬ" እያልን ራሳችንን ነቀነቅን። ሃያ ዓመት ኖረን ያልተውነው ነገር ቢኖር ዩኒፎርም ለለበሰ ሰው ራስ መነቅነቅ ነው።

መኪናው ጋ ተመልሰን ቦርሳ ስናሰናዳ የባለሱቁ ቦርሳ አልዘጋ አለ። ሽሮ፣ ድርቆሽ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ ሚጥሚጣ፣ የዘይት ጠርሙስ፣ ድስት ከነክዳኑ። ጊዜው ጾም ስለሆነ ሁሉም የጾም ነው፤ መጠኑ ግን የድግስ ነው።

"ይሄ ለስንት ሰው ነው?" አልኩት።

"ሰው ቢመጣስ?"

"በረሃ ላይ ማን ይመጣብሃል?"

"ሰው አይጠፋም። በልክ ይዘን፣ ሰው እያየን ብቻችንን ልንበላ ነው?"

ቦታ ለማግኘት ብሎ ሁለት ባለ አራት ሊትር የውሃ ከረጢቶች አውጥቶ መኪናው ውስጥ ተዋቸው። "ባዶ ናቸው፤ ኩሬው ጋ ያሉን ጠርሙሶች ይበቃሉ" አለ። አየሁት። ይሉኝታ ያዘኝና ዝም አልኩ፤ የእንግዳ ምግብ ቀንስ ማለት ከበደኝ። ላልተጠራ፣ ላልተወለደም እንግዳ ስንል ስምንት ሊትር ውሃ የሚይዝ ዕቃ ትተን ወረድን።

የመጀመሪያው ቀን ቁልቁለት ነው፤ ጉልበቴ እንደ አሮጌ በር ይንቋቋ ነበር። ግድግዳው በሁለቱም ወገን ከፍ እያለ፣ ሰማዩ እየጠበበ ሄደ። ሾፌሩ እያንዳንዱን ገደል እጁን አስደግፎ ያየዋል። "ለካ እንዲህ ነህ!" ይለዋል። ደስታው ደስ ይለኝ ነበር፤ ደስ ለመሰኘት የሚሆን ጉልበት ግን አልነበረኝም። እግሬ ውሃ ቋጥሯል፤ ትከሻዬን ቦርሳው ቆርጦኛል፤ አሸዋው አንድ እርምጃ ስትሄድ ግማሹን ይመልስብሃል።

በየሰዓቱ "ጠጣህ?" እለዋለሁ።

"ሱፐርቫይዘሩ መጣ" ይላል ባለሱቁ።

ሾፌሩም ጠርሙሱን ከፍ አድርጎ ያሳየኛል፤ እኔ ፊት ሁለት ጊዜ ይጎነጫል። አደራዬን እየተወጣሁ መሰለኝ።

በሁለተኛው ቀን ኩሬውን አገኘነው። ያለንን ጠርሙስ ሁሉ ሞላን፤ የጎደሉት ሁለት ከረጢቶች ጉሮሮዬ ላይ እንደተሰነቀረ አጥንት ቢያስቸግሩኝም አላነሳኋቸውም። ያን ምሽት ባለሱቁ ሽሮ ሠራ፤ ድርቆሹን አራሰ። ከመብላታችን በፊት ጠርሙስ ይዞ ቆመና "እጃችሁን" አለን።

"ውሃውን ተወው፤ ማንኪያ አለ" አልኩ።

"አሸዋ በያዘ እጅ ልትበላ ነው? ሰው አይደለንም?"

ዘረጋን። ለእያንዳንዳችን እየደጋገመ አፈሰሰ። ውሃው ከጣቶቻችን ወርዶ አሸዋው ውስጥ ጠፋ። የሚያስቀው እኔም እጄን ሳሽቼ መታጠቤ ነው። ሽሮው ግን ጣፍጦኛል፤ መዋሸት አልችልም።

ሦስተኛው ቀን ሞቃት ነበር። ሚያዝያ ነው፣ አይሞቅም ብለውን ነበር። ከጥዋቱ ጀምሮ ፀሐይ ሸለቆው ውስጥ ገብታ ከግድግዳ ግድግዳ ታንጸባርቃለች። የደከመው ሰው ውሃ የሚጠጣው ስለጠማው ብቻ አይደለም፤ ለመቆም ሰበብ ስለሚሆነው ነው። እኔ በየጥጉ ቆምኩ፤ በየጥጉ ጠጣሁ። እኩለ ቀን ላይ ሁለተኛው ኩሬ ጋ ስንደርስ ጠርሙሶቼ ባዶ ነበሩ። ኩሬውም ባዶ ነበር። የተሰነጠቀ ጭቃ፣ ጭቃው ላይ የአጋዘን ኮቴ፤ ሌላ የለም።

ባለሱቁ ሽሮ የሠራበትን ድስት ከቦርሳው አውጥቶ ጭቃው ዳር አስቀመጠው፤ ለምን እንዳወጣው እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም። እሱ ጋ የቀረው አንድ ጉንጭ ነው። ወንዙ ገና የግማሽ ቀን መንገድ ነው።

አንድ ቋጥኝ ጥላ ሥር ተቀመጥን። ሾፌሩ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠና ጠርሙስ አወጣ። ሩብ የማይሞላ ውሃ አለው።

"እንካ" አለኝ።

"አንተስ?"

"ጠጥቻለሁ። ሌላም አለኝ።"

ያን ጊዜ ማድረግ የነበረብኝ ቦርሳውን ከፍቶ ማየት ነበር። ሚስቱ ያለችኝም እሱን ነው፤ ጠርሙሱን እይ። ቦርሳው እግሬ ሥር ነበር። በእግሬ ገፋ አደረግሁት፤ ቀሊል ነበር፤ ውስጡም ባዶ ጠርሙስ ከባዶ ጠርሙስ ሲጋጭ ሰማሁ። ሌላ እንደሌለው አወቅኩ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

"አልፈልግም" አልኩት፤ ድምፄ ግን ይፈልጋል።

ጠርሙሱን ከፍቶ እንደ ጉርሻ ወደ አፌ አስጠጋው። "በሞቴ!" አለ። "በሞቴ፣ አንዴ ብቻ።"

በሞቴ ያለህን ሰው መመለስ ሞቱን መናቅ ነው ተብለን አድገናል። እናቶቻችን የጠገበ ሆድ ውስጥ ስንት ጉርሻ በዚህ ቃል ከተዋል። ያን ዕለት ግን ቃሉን አክብሬ ነው ብል ውሸቴን ነው። ሦስት ጊዜ ተጎነጨሁ። አንዱ ስለ በሞቴ ነው። ሁለቱ ስለ ራሴ ናቸው። ጠርሙሱን ስመልስለት ጫፉ ላይ የቀረውን ጠብታ በጣቱ ጠርጎ ከንፈሩን ቀባና "ተባረክ" አለኝ፤ የሰጠው እሱ ሆኖ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ሰዓት ያህል ሄደናል። መጀመሪያ ሾፌሩ ገደሎቹን ማየት ተወ። ቀጥሎ ላቡ ደረቀ። ከዚያ አስመለሰውና ተቀመጠ፤ መነሣት አልቻለም። ባለሱቁ ከነፍሱ ተጣልቶ ቦርሳውን እዚያው ወረወረ፤ ባዶ ጠርሙሶቻችንን ሁሉ ሰብስቦ ወደ ወንዙ ሮጠ። የእንግዳው ድርቆሽና በሶ አሸዋ ላይ ቀረ።

እኔ ጓደኛዬን ጥላ ውስጥ አስገብቼ ራሱን ጭኔ ላይ አደረግሁ። በኮፍያዬ አራግብለታለሁ። ዓይኑ ተከፍቷል፤ እኔን ግን አያይም።

"ስንተኛው ማይል ላይ ነን?" አለኝ።

"ደርሰናል።"

"ጭነት አዛዡ ዲስፓቸር ኮል አላደረገም? ጭነቱ ዘገየ እኮ።"

"አራግፈናል፤ ጨርሰናል። አታስብ።"

"እንግዲያው ልተኛ።"

"አትተኛ" አልኩት። አለቀስኩ፤ እንባዬ እንኳ የሱ ውሃ ነው እያልኩ አለቀስኩ። በሕይወቴ ሁሉ እንደዚያ ሰዓት ራሴን የተጸየፍኩበት ጊዜ የለም።

ባለሱቁ ፀሐይ ከግድግዳው ሳትወርድ ደረሰ። የወንዝ ውሃ ይዟል፤ ወንዙ ጋ ያገኛቸውን ሁለት መንገደኞችም አስከትሏል። እነሱ በሳተላይት መልእክት የሚልክ መሣሪያ ነበራቸው። ሄሊኮፕተሩ መጥቶ ሾፌሩን ወሰደው፤ ለእኛ ቦታ አልነበረም። ዐሥራ ሁለት ዓመት ከላይ ሲያየው የኖረውን ሸለቆ እንደገና ከላይ እያየው ወጣ፤ ዓይኑ ከተከፈተ ማለቴ ነው።

ሆስፒታል የደረስነው በማግስቱ ነው። ሚስቱ በአውሮፕላን ቀድማን ገብታለች። ኮሪደሩ ላይ ስታየኝ ወደ እኔ መጣች፤ እጇን ስታነሣ ልትመታኝ መስሎኝ በልቤ እሰይ አልኩ። አቀፈችኝ።

"እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አለች እያለቀሰች። "ነገረኝ። የራስህን ውሃ አጠጣኸው። አንተ ባትኖር ይሞት ነበር አለኝ።"

በትከሻዋ ላይ አሻግሬ በተከፈተው በር አየሁት። ክንዱና አፍንጫው ላይ ቱቦ አለ። ዓይኑን አንዴ ጨፍኖ ገለጠልኝ፤ ዝም በል ማለቱ ነው። አፌን ከፍቼ ነበር። ዘጋሁት። ሆድ ይፍጀው አልኩ።

ፋሲካን እዚያው ሆስፒታል ዋልን። ኩላሊቷ ትመለሳለች ተብሎ ተጠበቀ፤ ሳምንታት አለፉ፤ አልተመለሰችም። እህቱ አገር ቤት በሱ ኩላሊት ደህና ናት፤ እሱ በሳምንት ሦስት ቀን የኩላሊት እጥበት ላይ ነው። ከባድ መኪናውን ሸጠ። ባለሱቁ በሦስት ወር ውስጥ ፀጉሩ ነጣ፤ ሱቁ ውስጥ ሽሮ ሲመዝን ይሳሳትና እንደገና ይመዝናል። እኔን ግን ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ጫማዬን ሳወልቅ ሰው ይነሣልኛል። "ጓደኛ ማለት እንዲህ ነው ጋሼ" ይሉኛል ወጣቶቹ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የኔ ዝምታ ግን ነቅዟል።

ከዚህ ሁሉ የባሰው ሁለተኛው አደራ ነው። እጥበት ላይ ያለ ሰው እንደ ልቡ አይጠጣም። ኩላሊቱ ስለማያወጣው የጠጣው ውሃ ሰውነቱ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ሳንባውን፣ ልቡን ያጥለቀልቃል። የቀን ውሃው ተለክቶ ነው የሚሰጠው፤ የወጡ መረቅ ሳይቀር ይቆጠራል። ሚስቱ ሥራ ስለምትገባ ማክሰኞና ሐሙስ ከእጥበት የማመጣው እኔ ነኝ። መጀመሪያ ቀን በሯ ላይ እንደዚያኛው ጠዋት ቆመች።

"አንተን ስለማምንህ ነው" አለች። "ይለምንሃል። አትስጠው። አደራ፣ ውሃ እንዳይጠጣ።"

ያን ጊዜ ልነግራት ይገባኝ ነበር። የምሽት ሺፍት ነበረብኝ፤ ደክሞኝ ነበር። "እሺ" አልኳት።

ከዚያ ወዲህ እሱ ፊት ውሃ አልጠጣም። ጠርሙሴን ከመቀመጫዬ ሥር እደብቃለሁ። እሱ መስኮት ተደግፎ ይቀመጣል፤ ከንፈሩ ሁልጊዜ ደረቅ ነው። ስለ ሸለቆው አንሥተን አናውቅም። ስለ ልጆች፣ ስለ ቤት ታክስ፣ ስለ መኪናዬ ድምፅ እናወራለን።

ባለፈው ሐሙስ ነው። ቀኑ በጣም ይሞቃል፤ የመኪናዬ ማቀዝቀዣ ተበላሽቷል። ሞርስ ሮድ ላይ አንዱ ፊቴ ገባብኝና ፍሬን ስይዝ ጠርሙሱ ከመቀመጫዬ ሥር ተንከባሎ እግሩ ጋ ሄደ። ጎንበስ ብሎ አነሣው። ጆሮው አጠገብ አድርጎ ነቀነቀው።

"ግማሽ አለው" አለ።

"ስጠኝ።"

"አንዴ ብቻ። አፌን ላርጥብበት።"

"አይሆንም። ስጠኝ አልኩህ።"

"በሞቴ!" አለ። ድምፁ ያው ያ ድምፅ ነው። "በሞቴ፣ አንዴ ብቻ።"

መብራቱ ቀይ ነበር። ጠርሙሱን ከእጁ ቀማሁት፤ ጣቶቹ ያን ያህል አልጠነከሩም። መስኮቱን ዝቅ አድርጌ ውሃውን አስፋልቱ ላይ ደፋሁት፤ እስኪያልቅ ሁለታችንም አየነው። ከዚያ ፊቱን ወደ እኔ መለሰ። አልተቆጣም። እንደ እኔው ደክሞታል።

"ለካ እምቢ ማለት ትችላለህ" አለኝ።